በአዳራሹ የተነሳው ለቅሶ

ወጣቶቹ "ማዘር" ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ "እትዬ" ነበርኩ። ስለ ትያትር የማውቀው አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ በተጫወትኩባቸው ጥቂት ዓመታት የያዝኩትን ነው። የወጣት ማዕከሉ ኃላፊ "ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዩልን" ብሎ ሲለምነኝ ለአንድ ወር መስሎኝ እሺ አልኩ። ይኸው ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

አዳራሹ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ከገበያው ብዙ አይርቅም። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ውስጡ አያስቀምጥም። ስለዚህ በሩንና መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን ነው የምንለማመደው። የምንናገረውም የምንስቀውም ለሰፈሩ ይሰማል። ሰፈሩም ለምዶናል። አንዱ ልጅ የሚናገረው ሲጠፋበት ውጭ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤታችን በመስኮት የምታስታውሰው ጊዜ አለ።

ገና ከበሩ ስገባ ጨዋታው ይጀመራል።

"ማዘር መጣ!" ይላል ከገረሴ የመጣው ልጅ። አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው፤ ለትምህርት ነው ወደ ከተማ የወረደው።

"መጣች በል አንተ! ማዘርን ወንድ አደረግሃት እኮ።"

"ሲቆጣ አላየህም? ወንድ ነው።"

ይሳሳቃሉ። "እስቲ እናንተ በጋሞኛ ሦስት ቃል ተናገሩና እኔም ልሳቅ" ስላቸው ከተማ ያደጉት ዝም ይላሉ። ይሰማሉ እንጂ ደፍረው አይናገሩትም።

ወጣት ተዋናይ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ማልቀስ ነው። በስልካቸው ያዩት እሱን ነው። ወንዶቹ ጭንቅላታቸውን ይዘው ይንበረከካሉ፤ ሴቶቹ ዓይናቸው እስኪቀላ ያሻሉ። አንዷማ በመሐረብ ሽንኩርት ቋጥራ መጥታ ታውቃለች። እኔ የማስተምራቸው ዋናው ነገር እጃቸውን ሥራ ማስያዝ ነው። ተቆጥተህ ከሆነ አትጩህ፤ ጫማህን እሰርና በዚያው ተናገር። አዝነሽ ከሆነ ድንችሽን ላጪ። ሰው ቤቱ ውስጥ ባዶ እጁን ቆሞ አያዝንም። ይህን ስላቸው ይሰለቻቸዋል፤ ያው ግን ቆይቶ ይገባቸዋል።

ባለፈው ዓመት ለመስቀል ሰሞን የሚቀርብ ትያትር ልጆቹ ራሳቸው አቀናበሩ። አንዲት እናት በሞያሌ በኩል አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ አላት። ስልኩን ትጠብቃለች። በመጨረሻ ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው ይመጣሉ። መርዶውን የሚናገረውን ሽማግሌ የገረሴው ልጅ እንዲጫወት አደረግኩ። እናትየዋን የሰጠሁት ከከተማው ወጣ ካለችው ከላንቴ ለምትመጣው ልጅ ነበር።

ዕድሜዋ አስራ ስምንት ነው። ዝምተኛ ናት፤ ስትጫወት ግን ሌሎቹ የራሳቸውን ትተው እሷን ያያሉ። እናቷ ከሁለት ዓመት በፊት አርፋለች። አባቷ ላንቴ ላይ ሙዝ ያለማል፤ በጸሎት ቤታቸውም ሽማግሌ ነው። ቅዳሜ ሙዙን ገበያ አድርሶ አስር ሰዓት ላይ እሷን ይዞ ይመለሳል። ወደ አዳራሹ ግን አይገባም፤ በር ላይ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ ይጠብቃታል። ሲፈቅድላት እኔን አስጠርቶ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦

"ልጄን የምሰጠው ለእርስዎ ነው እንጂ ለትያትር አይደለም። እስከ መስቀል ትሞክር። የማያስነውር ነገር መሆኑን አይቼ ከዚያ በኋላ ትቀጥል ወይ ትቅር እወስናለሁ።"

ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ሌሎቹ ሲዘገዩ እሷ ቀድማ ትመጣና አዳራሹን ጠርጋ ትጠብቀናለች። አንድ ቀን "ባይፈቅድልሽስ?" ብዬ ጠየቅኳት። "እንዲህ አይበሉ ማዘር" አለችኝና ወደ ጠረጋዋ ተመለሰች። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

መርዶው ላይ ስንደርስ አልሆነላትም። እንደ ሌሎቹ ዓይኗን አሸች፤ ጮኸች፤ የሬዲዮ ድራማ ሆነ። ለመስቀል ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። እኔም ቸኮልኩ። እጅሽን ሥራ አስይዢ የምለውን የራሴን ነገር ትቼ፣ የእውነቱን ለቅሶ ትስማው አልኩ። ከአዳራሹ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት የደጋ ሴትዮ አሉ፤ በለቅሶ ቤት የሟቹን ሥራ እየጠሩ ሲያለቅሱ ሰው ሁሉ ይነሣል። በዕድሜ ብዙም አይበልጡኝም። ሄጄ ለመንኳቸው።

"ማን ሞተ?" አሉኝ።

"ማንም። ለልጆቹ ማሳያ ነው።"

"ማንም ካልሞተ ለማን ነው የማለቅሰው?"

"እንዲያው ለጨዋታው..."

"አንቺ ደግሞ! ለቅሶ በጨዋታ ይሆናል እንዴ?" ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። "እንግዲያው ለወንድሜ አለቅሳለሁ። ሲቀበር ታምሜ አልደረስኩለትም።"

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

ቅዳሜ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም ሴትዮዋ ከአዳራሹ መሃል ቆሙ። መቀነታቸውን አጠበቁና ወንድማቸውን በጋሞኛ ይጠሩ ጀመር። እርሻውን፣ በሬውን፣ ለሰው ያደረገውን፣ በየትኛው መንገድ ከገበያ ይመለስ እንደነበር። ልጆቹ ማስቲካቸውን ማኘክ አቆሙ። የላንቴዋ ልጅ እንዳዘዝኳት አጠገባቸው ቆማ በዝቅታ ትከተላቸዋለች። ጥቂት ቆይቶ መከተሏን ተወች። ድምጿ ከእሳቸው በላይ ወጣ። በትያትሩ ውስጥ የምትጠራው ልጇን መሆን ነበረበት። እሷ የምትጠራው እናቷን ነበር።

በሩና መስኮቱ ክፍት ነው ብያለሁ። መጀመሪያ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤታችን እጇ ሳይደርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ከኋላዋ አራት አምስት ሴቶች። ቀጥሎ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁን መንገድ ላይ ትቶ መጣ። ቀጥሎ የእድሩ ዳኛ፣ ከእሱም ኋላ የእድሩን አግዳሚ ወንበር የተሸከሙ ሁለት ጎረምሶች።

"ማነው? ማነው የሞተው?"

"ጥሩምባ ሳይነፋ! ለእኔ ሳይነገር!" አለ ዳኛው። "የማን ቤት ሰው ነው?"

"ጋሼ፣ ድራማ ነው" አለ የገረሴው ልጅ።

"ምን?"

"በድራማ ነው የሞተው። የእሷ ልጅ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሄዶ።"

"እሷ ልጅ አላት እንዴ?"

"በድራማ አላት።"

"እኛ የድራማ እድር የለንም!"

ወንበር የተሸከሙት ጎረምሶች ሳቃቸውን አፍነው ቀሩ። "አስቀምጡት እንግዲህ፤ ምን ታዩኛላችሁ?" አላቸው ዳኛው።

እኔ መሃል ገብቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለሰፈሩ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ እላለሁ። ሴቶቹ ግን አልተመለሱም። ልብስ የምታሰጣው እንዲህ አለችኝ፦

"ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከቤቴ ወጥቻለሁ እትዬ። ሳልቀመጥ ልመለስና ለቅሶውን ወደ ራሴ ቤት ይዤው ልግባ?" ከዚያ ወደ ልጅቷ አየች። "ደግሞ ይቺ ልጅ ድራማ አይደለም የምታለቅሰው።"

ሁሉም ተቀመጡ። ልጅቷን መሃል አድርገው አንዷ ጀርባዋን ያዘች፤ አንዷ ውሃ አቀበለቻት። ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት የለም።

ቀና ስል አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። ወደዚያ አዳራሽ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። እሱም እንደ ሌላው ሰው የሞተ ያለ መስሎት ነው የመጣው። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። ልጁን አየ፤ የምትጠራውንም ሰማ።

"ልጄ" አላት። "ተነሺ፣ እንሂድ።"

ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሣች። እኔን ሳያየኝ ሄደ።

አንዱ ልጅ ሁሉንም በስልኩ ቀርጾት ነበር። እዚያው ፊቴ ቆሞ እንዲያጠፋው አደረግኩ።

"ማዘር፣ ይህ እኮ ቲክቶክ ላይ ቢወጣ ሚሊዮን ሰው ያየዋል።"

"ለዚህ ነው አጥፋው የምልህ።"

በዓሉ ስለቀረበ ማክሰኞም ልምምድ ነበረን። አልመጣችም፤ ስልኳም ዝግ ነው። ከልጆቹ አንዷ "እኔ የእሷን ቃል በሙሉ አውቀዋለሁ ማዘር" አለችኝ። ክፋት የለባትም፤ ትያትሩ እንዳይቀር ብላ ነው። እስከ ቅዳሜ እንጠብቅ አልኳት። የምጠብቀው ግን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጅቷ የምትወደውን አንድ ነገር በእኔ ችኮላ ልታጣ ነው። ረቡዕ ጠዋት ወደ ላንቴ ሄድኩ።

አባቷን ያገኘሁት ሙዝ ማሳው ውስጥ ነው። የመስኖ ተራው ደርሶ ውሃ እየለቀቀ ነበር፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በመቆፈሪያ ቦዩን ይከፍታል። ሲያየኝ ሥራውን አቋረጠ። የሙዝ ቅጠል ቆርጦ ድንበሩ ላይ አነጠፈልኝና ተቀመጥኩ።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አልኩት። "የእናቷን ነገር እያወቅኩ ማሰብ ነበረብኝ።"

ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያያል።

"እናቷ ያረፈች ዕለት በዚህ ቤት ዋይታ አይሰማም ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። "በእኛ ዘንድ ወደ ጌታ ለሄደ ሰው እንደዚያ አይለቀስም። ዘመርን። እሷ አልዘመረችም፤ አላለቀሰችም። እኔ በርትታ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ስናገር ነበር።"

"እኔም በርትታ ነው የመሰለኝ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ስንኖር ኀዘኗን አላየሁትም። ሰው በሞላበት አዳራሽ ነው የሰማሁት።"

"ክፉ አደረግኩ" አልኩት።

"እሱን እኔ አላውቅም።" መቆፈሪያውን መሬት ላይ ተከለና ተደገፈው። "ቅዳሜ ማታ እራት በላች። ጨምሪልኝ ብላ አብራን ያለችውን አክስቷን ጠየቀች። እንዲያ ስትበላ ካየኋት ብዙ ጊዜ ነው።"

ከዚያ በኋላ ስለ ሙዙ፣ ስለ ውሃው ተራ ጥቂት አወራን። ባለቤቴን የቀበርኩት እኔም ብዙ ሳልናገር ነው፤ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ልሄድ ስነሣ እንዲህ አለኝ፦

"ትምጣ። የጀመረችውን ትጨርስ። ዋይታ ግን አይኑር። በሰው ፊት ሁለተኛ እንደዚያ እንድትሆንብኝ አልፈልግም።"

እሺ አልኩ። ዋይታ የሌለው መርዶ እንዴት እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር። ስለ መስቀል ማግሥትም እሱ አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ልጅቷ ከቤት ወጥታ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። መኪና ስንጠብቅ ጠየቅኳት።

"እናትሽ ያረፈች ቀን አላለቀስሽም። ታዲያ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?"

አሰበች። "መቀመጫ ስፈልግ" አለችኝ።

"የምን መቀመጫ?"

"ሰው በዛ። ከየጎረቤቱ ወንበር እየለመንኩ አመጣሁ። እሱ ሲያልቅ ባዶ ጀሪካን ደፋሁላቸው፤ የቲማቲም ሣጥንም አመጣሁ። እስከ ማታ ድረስ እሱን ነበር የምሠራው።"

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። እናቴ ቤታችን ውስጥ ሰው ቆሞ ሲታይ አትወድም ነበር።"

መኪናው መጣ። በመንገድ ላይ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በሚቀጥለው ልምምድ የመርዶውን ክፍል እንዳለ ቀየርነው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ይናገራሉ፤ እናትየዋ ሰምታ መቀመጫ ፍለጋ ትሄዳለች፤ በቃ። የገረሴው ልጅ ግራ ገባው።

"ማዘር፣ እኔ ልጅሽ ሞተ ብያታለሁ። እሱ ወንበር ያመጣልኛል። ምን ልበል?"

"እሷ ታመጣልኛለች በል!" አለ ከኋላ አንዱ።

"ዝም በል አንተ፣ የሰው ልጅ ሞቷል።"

"ምንም አትበል" አልኩት። "ተቀመጥ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንዴት እንደምትነሣ አንተው ፈልግ።"

ቃሏን አውቀዋለሁ ያለችው ልጅ "ሕዝቡ ካላለቀሰ አይደብርም?" አለችኝ። ሊደብር ይችላል አልኳት። እውነቴን ነው፤ እርግጠኛ አልነበርኩም። ወደ እድሩ ዳኛም ሄጄ በትያትሩ ቀን ማንም እንደማይሞት አስቀድሜ ነገርኩት። "ብቻ ከሞተ ጥሩምባ ነፊውን እልክልሻለሁ" ብሎ ሳቀብኝ፤ አግዳሚ ወንበሮቹንም አዋሰን።

በመስቀል ሳምንት አዳራሹ ሞላ። ለበዓሉ ወደ አገሩ የመጣ ሰው ብዙ ነው። በዚያች ቅዳሜ ለለቅሶ የመጡት የሰፈር ሴቶች ከፊት ተቀመጡ። የደጋዋ ሴትዮም አሉ። አባቷ ዘግይቶ ገባ፤ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የሚቀመጥበትም አልነበረም።

የገረሴው ልጅ መርዶውን በአማርኛ ጀመረ፤ መሃል ላይ ሳላዘው ወደ ጋሞኛ ዞረ። ደህና አደረገ። ልጅቷ እስኪጨርስ ሰማችው።

"ቆማችኋል እኮ" አለች።

ዞራ ወጣች። በርጩማ ይዛ ተመለሰችና ለአንደኛው ሽማግሌ ሰጠች። ሌላ አመጣች። ሣጥን ገለበጠች። አንዱን መቀመጫ አስቀመጠችና ይነቃነቅ እንደሆነ በእጇ ሞከረችው፤ ሌላ ቦታ አደላድላ አስቀመጠችው። ሽማግሌ ሆነው የሚጫወቱት ልጆች አንድ በአንድ ተቀመጡ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሲስል ይሰማኛል። ከፊት ካሉት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ከዚያ ሌላዋ።

እዚያ ላይ እሷም ትቀመጥና ትያትሩ ያልቃል። የተለማመድነው እንዲያ ነው። እሷ ግን የራሷን በርጩማ አንስታ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ወደ ሕዝቡ ታያለች። ቃሉ ጠፋባት ብዬ ደነገጥኩ፤ እዚያ ላይ ግን የምትናገረው ቃል አልነበራትም። ከመድረኩ ወረደች። በአግዳሚዎቹ መሃል አልፋ እስከ ኋላ ሄደች። በርጩማውን ከአባቷ እግር ሥር አስቀመጠች።

"አባዬ፣ ቁጭ በል" አለችው።

ባርኔጣውን አወለቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። ተቀመጠ። ከዚያ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። እሷ አጠገቡ ትንሽ ቆማ ወደ መድረኩ ተመለሰችና መሬት ላይ ተቀመጠች። የፊቶቹ ሴቶች አለቀሱ፤ ዋይታ ግን አልነበረም።

አንድ አዘጋጅ ተዋናይዋ ከመድረክ ወርዳ ስትሄድ ሊቆጣ ይገባል። በኋላ ልነግራት አስቤ ነበር። አልነገርኳትም።

ሰው ሲወጣ ልጆቹ ተቃቅፈው ይጮኻሉ፤ የገረሴው ልጅ "አላስነሳኝም እኮ ማዘር! እግሬ እምቢ አለኝ!" እያለ ለሁሉም ይናገራል። እኔ አግዳሚዎቹን እቆጥር ነበር። አባቷ በርጩማውን ይዞ መጣ፤ በመዳፉ ጠረገና አቀበለኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?" አለኝ።

"ስምንት ሰዓት።"

"እኔ ለገበያው በጠዋት ነው የምወርደው። አብራኝ መጥታ ቀደም ብላ ብትደርስ ችግር አለው?"

"የለውም" አልኩት። "ቁልፉን እሰጣታለሁ።"